ደሜ 9.6 ሆነ፤ በምግብ ብቻ ይሞላል ወይ? ጥያቄዬና የመጡልኝ መልሶች

ጥያቄዬ ይኸው ነው። የ22 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የመጀመሪያ ልጄ ነው። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ባለፈው ሳምንት ለክትትል ሄጄ ደም ሰጠሁ። ሄሞግሎቢኔ፣ ማለትም የደሜ ልክ፣ 9.6 ወጣ። ለነፍሰ ጡር ከ11 በታች ከሆነ ደም ማነስ ይባላል አሉኝ። ከዚያ የተነገረኝ ጥሩ ጥሩ ነገር እንድበላ ብቻ ነው። ጥሩ ነገር ማለት ምን እንደሆነ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀጣይዋ ተጠራች። አይረን የሚባለውን፣ የብረት ማዕድን ያለበትን ክኒን ይዤ ወጣሁ። ክኒኑ ደግሞ አልተስማማኝም። ያቅለሸልሸኛል፣ ሆዴን ያደርቀዋል፣ አፌ ውስጥ ሳንቲም ሳንቲም የሚል ጣዕም ይተዋል። ክኒኑን ትቼ በምግብ ብቻ ደሜን መሙላት እችላለሁ? የቻለች ካለች ምን እንደበላች ትንገረኝ።

ይህን በኢንተርኔት መድረካችን ላይ ከጻፍኩ ስድስት ሳምንት ሆነኝ። መልሶቹ 43 ደርሰዋል። አዲስ የሚገቡ እናቶች ከላይ እስከ ታች ማንበብ ስለሚከብዳቸው አንድ ቦታ እንድሰበስበው ተጠይቄያለሁ። ቃል በቃል አልገለብጥም። ማን ምን እንዳለ በራሴ አፍ እነግራችኋለሁ። ቁጥሮቹ የመልሶቹ ተራ ናቸው።

1 እና 2። የመጀመሪያዋ እህት በምርቃት ጀመረች። ማርያም በሽልም ታውጣሽ ብላ ቀጥታ ወደ ቀይ ሥር ገባች። የእህቷ ደም በቀይ ሥር ጁስ ብቻ እንደሞላ ነገረችኝ፤ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ ብርጭቆ። ሁለተኛዋም ተስማማችና ቴምርና ማልት ጨመረችበት። ያንኑ ቀን ማታ ባለቤቴን ቀይ ሥር አስገዛሁት።

3። አዋላጅ ነርስ ነኝ ያለች ሴት መጣች። ይህን ውይይት ውይይት ያደረገችው እሷ ናት። ስታርም እንኳ ማንንም አላሳፈረችም። ቀይ ሥር ምግብ ነው፣ ጠጪው፤ ግን መቶ ግራሙ ውስጥ ያለው አይረን አንድ ሚሊግራም እንኳ አይሞላም አለች። ቀለሙ ደም ስለሚመስል ነው ሰው ያመነው። ቴምርም ቢሆን መቶ ግራሙ አንድ ሚሊግራም ገደማ ነው። ነፍሰ ጡር ደግሞ በቀን 27 ሚሊግራም ያስፈልጋታል። ከጽንሱ፣ ከእንግዴ ልጁና ከራሷ ከሚጨምረው ደም ጋር በዘጠኙ ወር በድምሩ አንድ ግራም ያህል አይረን ትጨርሳለች። ከዚያ ጥያቄዬን በጥያቄ መለሰችልኝ። ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ የቀመስሽውን ሁሉ ጻፊልኝ፤ ቡናና ሻይ ካለ ሰዓቱን ጭምር አለች። የሚገርመው፣ ስለ ምግቤ እስከዚያ ቀን ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

4። ይህ የእኔ መልስ ነው። ወቅቱ አብይ ጾም ነበር፣ የምበላው የጾም ነው። ጠዋት ዳቦ በሻይ። ክኒኑን የምውጠው በዚያው ሻይ ነው፤ ጣዕሙን ስለሚያጠፋልኝ። ሰባት ሰዓት ላይ ሽሮ በእንጀራ። ሳህኑ ከመነሳቱ ጎረቤቶቼ ይመጣሉ፣ ጀበናው ይጣዳል። አቦሉንም ቶናውንም እጠጣለሁ፤ በረካውን አንዳንዴ እተወዋለሁ። ማታ ምስር ወይም ጎመን፣ ከዚያ በላዩ ሻይ። ጽፌ ስጨርስ መልሼ አነበብኩት። ሻይና ቡና ያልተከተለው አንድም ገበታ አልነበረኝም።

5። አዋላጇ በዚያው ምሽት ተመለሰች። ችግሩ ሳህንሽ ላይ ያለው ሳይሆን ከሳህኑ በኋላ የሚመጣው ነው አለች። ከምግብ ጋር የተጠጣ ሻይ ሰውነት ከሚወስደው አይረን ከግማሽ በላዩን፣ 60 በመቶ ያህሉን ያስቀራል። ቡና ደግሞ 40 በመቶ ገደማ። ይህ በጥናት የተለካ ነው። ያስደነቀኝ ቀጥሎ የነገረችኝ ነው። ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ከተጠጣ ጉዳት የለውም። አንድ ሰዓት ዘግይቶ ከተጠጣ ግን ከምግቡ ጋር እንደተጠጣ ነው፤ ምግቡ ገና ሆድ ውስጥ አለና። የእኛ አገር ቡና የሚፈላው ደግሞ ልክ በዚያ ሰዓት ነው። ክኒኑን በሻይ መዋጥ ማለት መድኃኒቱን መሬት ላይ ማፍሰስ ነው ብላ ሎሚ በተጨመቀበት ውሃ እንድውጠው መከረችኝ።

ለዋናው ጥያቄዬም መልስ ሰጠች። ደም አንዴ 9.6 ከወረደ ምግብ ብቻውን አይደርስበትም። ከእህልና ከአትክልት ከሚገኘው አይረን ሰውነት የሚወስደው ከመቶ ከ2 እስከ 20 ነው፤ ከሥጋው ከ15 እስከ 35። ዓለም አቀፉ የጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡር በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም አይረን ከ0.4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ጋር የሚያዘው ለዚህ ነው። የጎደለውን ክኒኑ ይሞላል። ምግቡ የሞላው እንዳይወርድ ይይዛል። ልጁ እስክትሞዪ አይጠብቅሽም አለችኝ። እዚህ ላይ አለቀስኩ፤ የእርግዝናም እንባ ይሆናል።

6። አንድ ወንድም በቁጣ ገባ። እናቶቻችን ሦስት ጊዜ ቡና እየጠጡ አሥር ልጅ ወልደዋል፤ ጤፍ በአይረን የታወቀ ነው፤ ጤፍ የሚበላ አበሻ ደም አነሰው ሲባል አይዋጥልኝም አለ። ቡናችንን ለቀቅ አድርጉ ብሎም አስጠነቀቀ።

7። የመለሰለት የምግብ ሳይንስ የተማረ ሰው ነው። ይህን መልስ ሦስቴ አንብቤዋለሁ። ጤፍ አይረን እንዳለው አልካደም፤ ቀዩ ከነጩ ይበልጣል አለ። ግን በየመጽሐፉ የሚጻፈው ትልቅ ቁጥር ብዙው ከፍሬው የመጣ አይደለም። ጤፍ የሚወቃው አውድማ ላይ ነው። በሬ ይሄድበታል፣ ፍሬው ከአፈር ጋር ይሻሻል። አፈራችን ደግሞ በአይረን የተሞላ ነው። ላብራቶሪ ሲለካ አፈሩም አብሮ ይቆጠራል። ሆድ ግን ያንን የአፈር አይረን እምብዛም አይወስደውም። በደንብ ታጥቦ ሲለካ ቁጥሩ በጣም ይወርዳል።

ሁለተኛው ነገር ፋይቴት ነው። እህልና ጥራጥሬ ውስጥ ያለ፣ አይረንን ጨምድዶ የሚይዝ ነገር ነው። እርሾ ይሰብረዋል። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ዛሬ ተቦክቶ ዛሬ የሚጋገረው ግን ፋይቴቱ እንዳለ ነው። እናቶቻችን አብሲት ጥለው የሚጠብቁት ለጣዕሙ ብቻ እንዳልነበር የገባኝ ያኔ ነው።

ለቁጣውም መልስ ነበረው። በ2016 እንደ ፈረንጆቹ በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 24 በመቶው፣ ከነፍሰ ጡሮቹ ደግሞ 29 በመቶው ደም ማነስ ተገኝቶባቸዋል። ብዙው ሰው እንጀራ የሚበላበት አገር ነው። አዋላጇ ከስር አንድ መስመር ጨመረች። አሥር የወለዱትን እናቶች እናውቃቸዋለን፤ ሲወልዱ ደም ፈሷቸው ያልተመለሱትን ግን ማንም አይቆጥርልንም። ደሟ ያነሰ እናት ትንሽ ሲፈሳትም አትችለውም። ሰውዬው ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልጻፈም። ወደ መጨረሻ ይመለሳል።

8። አሜሪካ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ አንዲት እህት ጻፈች። እዚያ ሐኪሟ የምትለካላት ሄሞግሎቢን ብቻ ሳይሆን ፌሪቲንም ነው። ፌሪቲን የአይረን ጎተራው ነው አለች፤ ሄሞግሎቢን ደግሞ ቤት የገባው ዱቄት። የእሷ ሄሞግሎቢን 11.3 ነበር፤ ደህና ነሽ የሚያስብል። ፌሪቲኗ ግን 8። ከ15 በታች ጎተራው ባዶ ነው ይባላል። ዱቄቱ ሳያልቅ ነው የደረሱላት። ሌላም ነገር ነገረችን። ቀኑን ሙሉ በረዶ ትቆረጥም ነበር። ሥራ ቦታ በትልቅ ኩባያ ቀድታ ክርችም ክርችም ታደርገዋለች፤ ሰው ይሳቀቃል። እሷ አምሮት ነው ብላ ነበር። አይረኗ ሲሞላ አምሮቱም ጠፋ።

9 እስከ 12። ውይይቱ እዚህ ላይ ወደ አምሮት ዞረ። ደግም ሆነ። አንዷ የከሰል ሽታ፣ አንዷ የተለሰነ ግድግዳ፣ አንዷ ነጭ አፈር ብላ ጻፈች። ከጎንደር አካባቢ የጻፈችው እህት አፈሩን በመሐረብ ቋጥራ ገበያ ይዛ ትሄድ እንደነበርና ለባሏ እንኳ እንዳልነገረች ተናገረች። ለእኔ ደግሞ የበልግ ዝናብ ነበር። ገና ጠብ ሲል መስኮት ከፍቼ ራሴን አወጣለሁ። ሽታው ብቻ አልበቃኝም። አንድ ቀን የአበባ ማሰሮውን አፈር በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት። ለማንም አልተናገርኩም ነበር፤ እነዚህ ሴቶች ሲጽፉ ነው እኔም የጻፍኩት።

አዋላጇ ይህ አሳፋሪ ነገር እንዳልሆነ ነገረችን። አፈር፣ በረዶ፣ ከሰል ሲያምር ብዙ ጊዜ አይረን ሲጎድል የሚመጣ ምልክት ነው። አፈሩ ግን አይረን አይሰጥም። እንዲያውም ሆድ ውስጥ ያለውን ይይዛል፤ የትል እንቁላልም ሊኖረው ይችላል። ለክትትል ስትሄዱ ሳትጠየቁ ንገሩ አለች።

13። የጾሙ ነገር መጣ። አንድ ሰው ደሟ 9.6 ሆኖ የምትጾም ሴት ምን ትጠይቃለች ብሎ ጻፈ። ቃሉ ከዚህ የከፋ ነበር። 14ኛው መልስ የእሱን ያህል ስለታም ሆኖ ሃይማኖታችንን አትንኩ አለ። አወያዩ ገብቶ ሁለት መልሶች ከመሰረዙ በፊት ነገሩ ወደ ስድብ ሄዶ ነበር። እነዚያን አልነግራችሁም።

15። ያረጋጉን አንዲት ትልቅ ሴት ናቸው፤ የልጅ ልጅ ያዩ። በሰው ስልክ እያስጻፉ ነው የመጡት። ቄስ ባላቸው በሕይወት ሳሉ ለነፍሰ ጡርና ለአራስ ጾም ሲያከብዱ አይተው እንደማያውቁ ነገሩን። ልጄ፣ የንስሐ አባትሽ ለምን ተቀመጡልሽ፣ ደውዪላቸው አሉኝ። ደወልኩ። የንስሐ አባቴ 9.6 ምን ማለት እንደሆነ አላወቁም። ስንት መሆን እንዳለበት ጠየቁኝ። ከ11 በላይ አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ያለ ምንም ማቅማማት እንድበላ ፈቀዱልኝ፤ በሌላ ጊዜ በምጽዋት እንድክሰው ነገሩኝ። ስልኩን ስዘጋ ከትከሻዬ ላይ የሆነ ነገር የወረደ መሰለኝ።

16። ከደሴ አንዲት ሙስሊም እህት ረመዳን ላይ ተመሳሳይ እንደገጠማት ጻፈች። ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች ተገናኝተው ነበርና ነገሯ ከእኔ ጋር ገጠመ። ለነፍሰ ጡር መፍቀዱን ታውቃለች። ግን ቤተሰቡ ሁሉ ሲጾም ብቻዋን መብላት አፈረች። አማቷ ናቸው ራሳቸው ሳህን ይዘው መጥተው ያበሏት። ቀዳዋን፣ የቀረባትን ጾም፣ ከወለደች በኋላ እንደምታወጣ ጻፈች።

17። ጾሙን ለመቀጠል ለመረጡም አዋላጇ መላ አላጣችም። የበሰለ ምስር መቶ ግራሙ ከ3 ሚሊግራም በላይ አይረን አለው። ሽምብራና ባቄላም አይከፉም። ሰሊጥ መቶ ግራሙ ከ14 ያልፋል፤ ግን መቶ ግራም ሰሊጥ ማን ይበላል። ዋናው አብሮት የሚቀርበው ነው። ቫይታሚን ሲ ካለ የእህሉ አይረን በደንብ ይገባል። ሎሚውን ወጡ ከእሳት ከወረደ በኋላ ጭመቂበት፤ ሙቀት ያጠፋዋልና። ከሽሮው ጎን ጥሬ ቃሪያ ይኑር፣ ስንግ ቢሆን እሰየው። የቲማቲም ሰላጣ፣ ብርቱካን፣ ዘይቱን፣ የበሰለ ፓፓያ። ቆስጣ ጥሩ ነው ግን አይረኑ በደንብ አይገባምና በእሱ ብቻ አትመኪ አለች። ወተትና አይብ ደግሞ ካልሲየማቸው አይረን ስለሚያግድ ከክኒኑ ሰዓት ይራቁ።

18 እስከ 21። ፋሲካ ሲቃረብ የሥጋ ጉዳይ ተነሳ። አንዱ ጉበት፣ አንዷ ዱለት፣ አንዱ ለብለብ ክትፎ። አዋላጇ እዚህ ላይ ጠበቅ አለች። በእርግዝና ጥሬም ለብለብም የለም። ኮሶው አንድ ነገር ነው፤ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ ግን ጽንሱን ራሱን ሊጎዳ ይችላል። ጉበት አይረን ቢኖረውም ቫይታሚን ኤው ከልክ በላይ ነው፤ እንግሊዝ አገር ነፍሰ ጡሮች ጨርሶ እንዳይበሉት ነው የሚመከሩት።

ከዚያ አንዲት እህት የሥጋ ዋጋ ታውቃላችሁ ወይ ብላ አፈጠጠችብን። ልክ ናት። ኪሎ ሥጋ ለብዙ ቤት የበዓል ነገር ሆኗል። መልሱን የሰጠው የምግብ ሳይንሱ ሰው ነው። ብዙ ሥጋ አያስፈልግም አለ። ትንሽ ሥጋ ከእህል ጋር ሲበላ የእህሉን አይረን ጭምር እንዲገባ ይረዳል። ስለዚህ ሩብ ኪሎውን በአንድ ቀን ጥብስ ከመጨረስ ለሳምንት ቦዘና ሽሮ ማድረግ ይሻላል። ቋንጣም እንደዚሁ፤ በደንብ ከበሰለ ሁለት ሦስት ፍሬ ፍርፍሩ ላይ ይበቃል። እኔ እስከ ዛሬ የያዝኩት ይህን ነው። የጣት ጫፍ የምታህል ሥጋ ከሽሮው ጋር፣ ቃሪያ በጎን፣ ሎሚ በላይ።

22። ከአርባ ምንጭ የጻፈው ወንድም ሽፈራው ረሳችሁ ብሎ ወቀሰን። እነሱ ጋ ቅጠሉ የዘወትር ምግብ ነው። አዋላጇ ቅጠሉ ይበላ፣ ሥሩና ቅርፊቱ ግን ለነፍሰ ጡር አይሆንም ብላ አለፈችው።

23 እና 24። አንዲት እህት አያቷ በብረት ድስት ያበስሉ እንደነበርና ደም ማነስ እንደማያውቁ ጻፈች። ተረት መስሎኝ ነበር። የምግብ ሳይንሱ ሰው ግን ነገሩ እዚሁ አገራችን ተጠንቷል አለ። በ1999 እንደ ፈረንጆቹ የታተመ ጥናት ነው። የተወሰኑ ሕፃናት ቤተሰብ የብረት ድስት፣ የሌሎቹ የአልሙኒየም ድስት ተሰጠው። በ12 ወር የብረት ድስቶቹ ልጆች ሄሞግሎቢን በ1.7 ሲጨምር የአልሙኒየሞቹ በ0.4 ብቻ ጨመረ። የተጠኑት ሕፃናት እንጂ ነፍሰ ጡሮች እንዳልሆኑ አስረግጦ ተናገረ። ቲማቲም ያለበት፣ ኮምጠጥ ያለ ወጥ ከድስቱ የበለጠ አይረን ያወጣል።

ከዚያ አንዲት እመቤት ቤታችን ያለው ሁሉ ብረት ድስት አይደል ወይ ብላ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ስሙ ብረት ድስት ይሁን እንጂ አብዛኛው አልሙኒየም ነው። ማግኔት አስጠጉበት አለ። ካልያዘ የብረት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ አልሙኒየም ነው። እኔም የፍሪጄን ማግኔት ይዤ ኩሽና ገባሁ። አንዱንም አልያዘ።

25 እስከ 28። ክኒኑ። እዚህ ላይ የብዙ ሰው ምሬት ወጣ። አንዷ ልጅ ያወፍራል፣ ምጥ ያከብዳል ተብላ ሁሉንም ሽንት ቤት ጣለችው። አንዷ ሰገራዋ ሲጠቁር ደም መስሏት ደንግጣ ተወችው። አዋላጇ በየተራ መለሰች። ክኒኑ ልጅ አያወፍርም። ሰገራ ማጥቆሩ የተለመደ ነው። ካቅለሸለሸ ማታ ሲተኙ መዋጥ፤ ካልሆነም ትንሽ ምግብ ቀምሶ መዋጥ። ለድርቀቱ ውሃ በብዛት፣ ጎመን፣ የበሰለ ፓፓያ።

አንድ ሰው በቀን ሁለት ቢዋጥ ቶሎ አይሞላም ወይ አለ። አይሆንም አለችው። እርጉዝ ባልሆኑ ሴቶች ላይ በተደረገ ጥናት አንድ ቀን እያለፈ የተዋጠ ክኒን ከየቀኑ በተሻለ መጠን ይገባል፤ ሰውነት ሲበዛበት በር ይዘጋል። ነፍሰ ጡር ግን በራሷ ፈቃድ አታድርገው፣ ክትትል የምታደርግላትን ትጠይቅ። ክኒኑ ከልጆች እጅ ይራቅ የሚለውን ደግማ ደጋግማ ጻፈችው። ከረሜላ ይመስላል፤ ሕፃን በብዛት ከዋጠው ይገድላል።

29። አንዲት እናት አዋላጇ ላይ ጮኸች። እናንተ ክኒን ዋጪ ብላችሁ በሦስት ደቂቃ ታስወጡናላችሁ፣ እዚህ መጥታችሁ ደግሞ ታስተምሩናላችሁ አለች። ያቺን እናት አልፈርድባትም። እኔም ያን ዕለት እንደዚያው ነው የወጣሁት፤ ወረቀቴን ይዤ፣ ጥያቄዬን ውጬ። አዋላጇ አልተከላከለችም። በር ላይ የተሰለፉትን እያየች ማውራት እንደሚያቅታት አመነች። ሥራ ስትጨርስ ማታ እዚህ የምትጽፈው ለዚያ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ከአንድ ወር በላይ በየምሽቱ ስትመልስልን መኖሯ ገባኝ። ክፍያ የለውም።

31። የላብራቶሪ ባለሙያ የሆነ ሰው አስደነገጠኝ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ብዙ ደም ይሠራል። ስለዚህ የደጋ ሰው ውጤት ሲነበብ ለከፍታው ይቀነሳል፤ ለአዲስ አበባ ከአንድ ግራም በላይ። የእኔ 9.6 ባሕር ጠረፍ ላይ ባለችው ጅዳ ብሆን ከ8.6 በታች እንደማለት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድም ክኒን አልዘለልኩም።

32 እስከ 36። ፈጠን ብዬ ላልፍ ነው። ከሪያድ የጻፈች እህት ሻይ ከምግብ ጋር መተው እንዴት እንደከበዳት ነገረችን። ሌላዋ ከቆላ አገር ሆና ወባና የመንጠቆ ትልም ደም እንደሚያሳንሱ አስታወሰችን። የትል መድኃኒት ከመጀመሪያው ሦስት ወር በኋላ በጤና ባለሙያ ትእዛዝ ይሰጣል። ሁሉም ደም ማነስ የአይረን አይደለም፤ ቢ12 እና ፎሌት የሚባሉት ቫይታሚኖች ሲጎድሉም ይመጣል። በክኒን ከአንድ ወር በኋላ ምንም ካልጨመረ ሌላ ምርመራ ይጠየቅ።

38። አንድ አባወራ፣ ሾፌር፣ ገበያ አጠገብ ቆሞ ጻፈ። ሚስቱ 10.1 ናት። ይህን ሁሉ ለማንበብ ጊዜ የለኝም፣ አሁን ምን ልግዛ አለ። አምስት ሴቶች ተረባረቡለት። ሎሚ፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ምስር፣ ከተቻለ ሩብ ኪሎ ሥጋ። ማታ የዘንቢሉን ፎቶ ላከ። ሎሚው ሁለት ኪሎ ይሆናል።

40። ያ የቡናው ተከራካሪ፣ 6ኛው፣ ተመለሰ። እህቱ እርጉዝ ነች፣ ደሟ 9 ነው፣ ቡናውን ስንት ሰዓት ትጠጣ ብሎ ጠየቀ። ማንም አልወቀሰውም። አዋላጇ ከምግብ አንድ ሰዓት ቀደም አድርጋ፣ ወይ ሁለት ሰዓት አሳልፋ አለችው።

41። ይህ የእኔ ነው። በ28ኛ ሳምንቴ ደሜ 10.5 ሆኗል። ገና ነው፤ በተለይ ለደጋ። ክኒኑን ማታ በሎሚ ውሃ እውጣለሁ። ማቅለሽለሹ ቀንሷል፣ ድርቀቱ አለ። የአፈሩ ሽታ ግን አሁን ዝም ብሎ የአፈር ሽታ ነው። ከሁሉም የከበደኝ ጎረቤቶቼ ነበሩ። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ አቦል ሲቀዳ እጄን ስሰበስብ ቅር አላቸው። አንድ ቀን የተጣላሁ መስሏቸው ሊያስታርቁኝ መጡ። ስለ ሻይና ስለ ቡናው፣ ስለ 9.6ቱም ነገርኳቸው። አንዷ የእኔም ልጅ እርጉዝ ናት ብላ በጥሞና አዳመጠችኝ። አሁን ጀበናው የሚጣደው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ለእኔ ሲሉ ሁሉም ሰዓታቸውን አዛወሩ።

42 እና 43። የሲልቨር ስፕሪንጓ እህት በሰላም መገላገሏን ጻፈች፤ እልልታ በእልልታ ሆነ። ቀጥላ አንዲት አራስ ጠየቀች። ከወለዱ በኋላስ ክኒኑ ይቀጥላል፣ ጡት እያጠቡስ ቡናው? አዋላጇ እንደ አካባቢው ሁኔታ ከወለዱ በኋላም ከ6 እስከ 12 ሳምንት እንደሚሰጥ አጭር መልስ ሰጥታ ተረኛ ነኝ ብላ ወጣች። የቡናውን ማታ ትመለስበታለች።